የፕላስቲክ ክሬን ከእውነተኛው ጋር የሚለካው በምኑ ነው? የከፈትኩት ክርና የመጡት መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ፎረም ላይ የከፈትኩት ክር (የውይይት ርዕስ) 19 መልስ ስለደረሰና መሃል ላይ ደሞ ወሬው ስለተበታተነ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ ቁጥሩ ላስቀምጥ።

መነሻዬ ይሄ ነው። እኔ ገልፍ ውስጥ 7 አመት ሪገር ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ማለት እቃው ላይ ስሊንግና ሻክል (ማንጠልጠያ ገመድና የብረት ማያያዣ) አስሬ ለኦፕሬተሩ በእጅም በሬድዮም ምልክት የምሰጠው እኔ ነበርኩ። አሁን የምኖረው ጀርመን ነው። በቅርቡ ጓደኛዬ ቤት የሌጎ ቴክኒክ (ከፕላስቲክ ጡብ የሚገጣጠም መጫወቻ) ሊብሄር ኤልአር 13000 ክሬን ተገጥሞ ቆሞ አየሁ፣ ያ በ2023 የወጣው፣ ቁጥሩ 42146 የሆነው፣ 2,883 ፍሬ ያለው፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ በ6 ሞተር የሚሰራና በስልክ አፕ የሚታዘዝ። ጓደኛዬ ቁርጥ እውነተኛውን ነው ብሎ ተከራከረኝ። ልቤ አልተቀበለውም፣ ግን ለምን እንዳልተቀበለው ማስረዳት አቃተኝ፣ እውነተኛው እኮ 3000 ቶን ያነሳል የሚባል ማሽን ነው። ስለዚህ መጥቼ ጠየቅኩ፣ የመጫወቻ ክሬን ታማኝ ነው ወይስ አይደለም የሚባለው በምኑ ተለክቶ ነው? በመልኩ? በፍሬው ብዛት? በሞተሩ? የራሴንም ሃሳብ ጻፍኩ፣ ክሬን ማለት ሚዛን ነው፣ ጭነቱ እየራቀ ሲሄድ አቅሙ እንደ እውነተኛው የማይወርድ ከሆነ ቀለሙ ቢመሳሰል ምን ይጠቅማል ብዬ።

1ኛ መልስ ሞዴል ከሚሰበስብ ሰው ነው የመጣው፣ በጣም በአክብሮት ነው የጻፈው። እሱ መጀመሪያ የሚያየው ምጥጥኑን ነው፣ የቡሙ (ጭነቱ የሚንጠለጠልበት ረጅም ክንድ) ርዝመት ከሚሄድበት ሰንሰለት ስፋት ጋር፣ ካቢኑ ከቡሙ እግር ጋር እንዴት ነው የሚለውን። ሌጎ ላይ ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ቀጣዩ 8 ሚሊሜትር ስለሆነ ሁሉም ነገር በ8 ሚሊሜትር እየተቆጠረ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ዲዛይነሩ የእውነተኛውን ልክ ወይ ወደላይ ወይ ወደታች ሳያስጠጋ አይሆንለትም። 1 ለ50 ተብለው ከብረት የሚሰሩት ሞዴሎች በመልክ የሚበልጡት ለዚህ ነው አለ፣ ግን እነሱ ተሰርተው የሚመጡት ለመደርደሪያ ነው፣ ሌጎው ላይ ግን ክሬኑ እንዴት እንደሚገጣጠም በእጅህ ታልፍበታለህ። ይቺን ነጥብ እኔ አላሰብኳትም ነበር።

2ኛው በሃሳቤ ተስማምቶ ዋጋውን ጠየቀ። 3ኛው ሲወጣ አውሮፓ ውስጥ 680 ዩሮ ገደማ እንደነበር መለሰለትና ለልጅ መጫወቻ እንዲህ ያለ ብር ማውጣት ልክ ነው ወይ ብሎ ጨመረ፣ እዚህ ላይ ወሬው መንሸራተት ጀመረ።

4ኛው ከደብረ ብርሃን ነኝ የሚል ሰው ነው፣ ከርዕስ ወጣሁ ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ነው የጻፈው፣ ለኔ ግን ከርዕስ የወጣ አልመሰለኝም። ልጅ ሆነው ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሲሰሩ አንድ ጓደኛቸው ክሬን ሰርቶ ነበር፣ ዊንቹ (ገመዱን የሚጠቀልለው) ክሩ ያለቀ የእንጨት ማጠንጠኛ፣ ቡሙ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ ሁኩ (መንጠቆው) የታጠፈ ሚስማር። ድንጋይ ሊያነሱበት ሲሞክሩ ፊት ለፊቱ ይደፋል። ልጁ ኋላው ላይ አሸዋ የሞላበት የሰርዲን ጣሳ ሲያስር መደፋቱን አቆመ። ካውንተር ዌይት (ኋላ ላይ የሚደረግ ማመጣጠኛ ክብደት) የሚባል ነገር ማንም አልነገረውም፣ ድንጋዩ ነው ያስተማረው። ስለዚህ የሰውየው ሃሳብ፣ ታማኝነት የሚለካው ሰሪው እውነተኛው ክሬን የገጠመውን ችግር ገጥሞታል ወይ በሚለው ነው። ከሁሉም መልሶች ደጋግሜ ያነበብኩት ይሄን ነው።

5ኛው ግን ቆጣ ብሎ ነው የገባው። የክራውለር (በሰንሰለት የሚሄድ) ክሬን ኦፕሬተር ነው፣ አረብ አገር ለብዙ አመት ሰርቷል። ፕላስቲክን ከእውነተኛ ማሽን ጋር ማወዳደር ራሱ ስራውን ማቅለል ነው የሚል ነው አቋሙ። ክሬን ላይ የሚያስፈራው እስክትሳሳት ድረስ ምንም የተበላሸ የማይመስል መሆኑ ነው፣ መጫወቻው ቢገለበጥ ታነሳዋለህ፣ እኛ ጋ ግን ሰው ስር አለ አለ። የ4ኛውን ሰው ትዝታም የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ አለፈው፣ ይሄ ብዙ ሰው አስቀየመ።

6ኛው የሜካኒካል ተማሪ ነው፣ ንዴቱን ትቶ ወደ ቁጥር ገባ። አንድ ነገር በ100 እጥፍ ሲያንስ ክብደቱ በ100 አይደለም የሚያንሰው፣ 100 በ100 በ100 ነው፣ ማለት በሚሊዮን። ስለዚህ 3000 ቶን የሚያነሳ ክሬን ሞዴል 1 ለ100 ቢሰራ በምጥጥኑ ማንሳት ያለበት 3 ኪሎ ነው፣ 1 ለ50 ከሆነ ደሞ 24 ኪሎ። ከዛ ያለጥርጥር ደመደመ፣ ፕላስቲክ ይሄን ስለማይችል ሁሉም የጡብ ክሬን ውሸት ነው ብሎ።

7ኛው አረመው፣ በጨዋነት ግን በደንብ አድርጎ። የማቴሪያል ኢንጂነር ትመስለኛለች፣ በጾታ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ስሌቱ ግማሽ ነው አለች። ክብደቱ በኩብ ሲያንስ ጭነቱን የሚሸከመው የብረቱ ወይ የፕላስቲኩ የመቆረጫ ገጽ ስፋት የሚያንሰው በስኩዌር ነው፣ ስለዚህ 1 ለ50 በሆነ ሞዴል ውስጥ ያለው ጫና እውነተኛው ውስጥ ካለው 50 ጊዜ ያንሳል። ሌጎ የሚሰራበት ኤቢኤስ ፕላስቲክ ደሞ ጥንካሬው ከክሬን ብረት 20 ጊዜ ገደማ ነው የሚያንሰው፣ በዚህ ሂሳብ ፕላስቲኩ መሰበር የለበትም። ችግሩ ግትርነቱ ላይ ነው፣ ኤቢኤስ ከብረት ወደ 90 ጊዜ የበለጠ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ቡሙ በምጥጥን ሲታይ ከእውነተኛው ሁለት እጥፍ ገደማ ይጎብጣል። ሁለተኛው ችግር መገጣጠሚያው ነው። የእውነተኛው ላቲስ ቡም (በብረት ዘንጎች እንደ መረብ የተሰራው) ክፍሎች በወፍራም የብረት ፒን ነው የሚያያዙት፣ የሌጎ ፒን ግን የሚይዘው በመጨናነቅ ብቻ ስለሆነ ፕላስቲኩ ሳይሰበር ፒኑ ቀድሞ ይወጣል። ተማሪው አመስግኗት ስህተቱን አመነ፣ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ብዙ አይታይም።

8ኛ ላይ እኔ ገብቼ ኦፕሬተሩን ለማብረድ ሞከርኩ። ስራውን ማቅለል አላሰብኩም፣ እኔም ሁኩ ስር የቆምኩ ሰው ነኝ፣ ከጭነቱ ጋር አብሮ የሚነሳውን ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ አልኩት። ለጊዜው አልመለሰልኝም።

9ኛው ዊንቹን አነሳ። አብዛኛው የጡብ ክሬን ዎርም ጊር (እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ዘንግ ጥርስ ያለውን ጎማ የሚያዞርበት) ነው የሚጠቀመው፣ ዎርም ጊር ደሞ ሞተሩ ሲቆም ጭነቱ ወደኋላ ስለማያዞረው በራሱ ይቆለፋል፣ ያለ ፍሬን። እውነተኛው ላይ ገመዱ የሚጠቀለልበት ከበሮ ውስጥ ፕላኔታሪ ጊር ቦክስ (ትንንሽ ጥርሶች በመሃለኛው ዙሪያ የሚዞሩበት) እና በስፕሪንግ የሚዘጋ የዲስክ ፍሬን አለ፣ ግፊት ሲጠፋ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። እሱ እንደሚለው ውጤቱ አንድ ነው መንገዱ ግን ሌላ፣ ስለዚህ ታማኝ ለማለት ይከብዳል። በሁኩ ላይ የሚመላለሰውን ገመድም አነሳ፣ ገመዱ በፑሊዎቹ መሃል 4 ጊዜ ከተመላለሰ እያንዳንዱ የሚሸከመው ሩቡን ነው፣ ሁኩም በአራት እጥፍ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይሄ ነገር በክርም በሽቦ ገመድም እኩል ይሰራል፣ እዚህ ላይ መጫወቻው አይዋሽም አለ። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

10ኛው ከአዲስ አበባ የሳይት ኢንጂነር ነው። እኛ ጋ ክሬን ሲባል ሰው አይኑ ላይ የሚመጣበት ታወር ክሬን (በረጅም ቋሚ ምሰሶ ላይ የሚቆመው) ነው እንጂ ክራውለር አይደለም አለ፣ እውነቱን ነው፣ የንግድ ባንክን 209 ሜትር ህንጻ ሲሰራ ያየ ሰው ያውቀዋል። እሱ ያያቸው የጡብ ታወር ክሬኖች ከስር እስከ ጫፍ ባንድ ጊዜ ነው የሚገጠሙት፣ የእውነተኛው ዋና ብልሃት ግን ራሱን ከፍ ማድረጉ ነው፣ መውጫው ፍሬም የላይኛውን ክፍል በጃክ ወደላይ ይገፋውና ክፍተት ይፈጥራል፣ ከዛ አዲስ የማስት (የምሰሶው) ክፍል በጎን ይገባል። ይሄን የማያደርግ ታወር ክሬን ለእሱ ምሰሶ ነው።

11ኛና 12ኛው ስለ ርካሽ የቻይና ጡቦች ተጨቃጨቁ፣ አንዱ ፒናቸው ይላላል ይላል፣ ሌላው ልዩነት የለውም ይላል፣ ሁለቱም ለክሬኑ ጉዳይ ምንም ስላልጨመሩ አልፋቸዋለሁ።

13ኛው እንግሊዝ የሚኖር ሰው ነው፣ ወሬውን ወደ ቦታው የመለሰው እሱ ነው። ሂንክሊ ፖይንት ሲ የሚባለው የኒውክሌር ጣቢያ ግንባታ ላይ ያለውን ቢግ ካርልን አነሳ፣ የቤልጂየሙ ሳረንስ ክሬን፣ እስከ 5000 ቶን የሚያነሳ፣ በክብ ሃዲድ ላይ የሚዞር። ካውንተር ዌይቱ እያንዳንዳቸው 100 ቶን የሆኑ 52 ኮንቴነሮች ናቸው። ይሄ ሁሉ ሆኖ በዲሴምበር 2023 በሬአክተሩ ህንጻ ላይ ያስቀመጠው የብረት ጉልላት 245 ቶን ነው። 5000 የሚችል ለምን ለ245 ይቀመጣል? ራዲየስ ነው መልሱ፣ ጭነቱ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር አቅሙ ይወርዳል፣ ክሬኑ ደሞ ሳይነቀል ብዙ ቦታ መድረስ አለበት። ስለዚህ ለኤልአር 13000 የሚባለው 3000 ቶንም የሚሰራው በጣም ቅርብ ላይ ብቻ ነው፣ ሰው ግን ቁጥሩን እንደ ስም ነው የሚይዘው አለ። እኔ መጀመሪያ ላይ ማስረዳት ያቃተኝን ነገር በአንድ አንቀጽ ጨረሰው።

14ኛ ላይ ኦፕሬተሩ ተመለሰ፣ አሁንም እንደተቆጣ ነው ግን የያዘው ነገር ትልቅ ነው። ጁላይ 14 ቀን 1999 አሜሪካ ሚልዋኪ ውስጥ ሚለር ፓርክ የሚባል ስቴዲየም ሲሰራ ቢግ ብሉ የሚባል ክሬን ወደ 450 ቶን የሚሆን የጣሪያ ክፍል ተሸክሞ ወደቀ፣ 3 የብረት ሰራተኞች ሞቱ። ክብደቱ ተሰልቶ ነበር፣ ነፋሱ በዛ ሰፊ ጣሪያ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ግን በስሌቱ አልገባም። እናንተ ሳሎን ውስጥ የምትለኩት ነፋስ የሌለበትን ክሬን ነው፣ ስለዚህ ምንም እየለካችሁ አይደለም ብሎ ጻፈ። ሪገር ሆኜ ስንት ቀን ነፋስ ነው ተብሎ ስራ ቆሞ በሆዴ እንዳጉረመረምኩ ትዝ አለኝና ክሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

15ኛው ለኦፕሬተሩ ጠንከር ያለ መልስ ሰጠው፣ እውቀትህን አካፍል እንጂ ሰው ላይ አትጩህ አይነት፣ አንዳንድ ቃላቱ መደገም የለባቸውም።

16ኛው የኔ ነው፣ የለካሁትን ይዤ ነው የመጣሁት። ያንን የሌጎ ክሬን የመግዛት አቅሙ የለኝም፣ ከ11 አመቷ ልጄ ጋር ከቤት ውስጥ ከተሰበሰበ ጡብ የራሳችንን ክራውለር ሰራን፣ ቡሙ 60 ሴንቲሜትር ነው፣ ኋላው ላይ ካውንተር ዌይት የሚሆን 1.2 ኪሎ ጨው በላስቲክ አሰርን። ከዛ ጠርሙስ ውሃ እየሞላን በኩሽና ሚዛን እየመዘንን አንጠለጠልን። ጭነቱ ከመዞሪያው መሃል 55 ሴንቲሜትር ሲርቅ በ650 ግራም ገደማ የኋላው ሰንሰለት ከጠረጴዛው ተነሳ። 40 ላይ ስናቀርበው 1 ኪሎ ገደማ ድረስ ቻለ። 20 ላይ ስናመጣው ግን ያልጠበቅኩት ሆነ፣ 2 ኪሎ ከ100 ላይ ክሬኑ ሳይነቃነቅ ቡሙ እግር ላይ ያለ ፒን ተወርውሮ ወጣ። ልጄ ደነገጠች፣ እኔ ግን ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሶስት ነጥቦች ሳያቸው የማውቀው ነገር ሆነብኝ፣ ይሄ እኮ ካቢን ውስጥ ተለጥፎ ያየሁት የሎድ ቻርት (በየርቀቱ ስንት ማንሳት እንደሚቻል የሚያሳይ ሰንጠረዥ) ቅርጽ ነው።

17ኛው፣ ያቺው የማቴሪያል ኢንጂነር፣ ለምን እንደሆነ አብራራች። እውነተኛው ሎድ ቻርት ላይም ሁለት ክልል አለ፣ ቅርብ ራዲየስ ላይ ያሉት ቁጥሮች የሚወሰኑት በብረቱ ጥንካሬ ነው፣ ርቀት ላይ ያሉት ደሞ በመገልበጥ፣ ብዙ ቻርት ላይ ሁለቱን የሚለይ ወፍራም መስመር ይሰመራል። የኛ ጡብ ክሬን ያንን መስመር ራሱ አግኝቶታል፣ ከ20 እና ከ40 ሴንቲሜትር መሃል የሆነ ቦታ ላይ ነው አለች። አንድ እርማትም ጨመረች፣ የለካሁት የሚገለበጥበትን ነው፣ ቻርት ላይ የሚጻፈው ግን ያ አይደለም። በአሜሪካው ደንብ ለክራውለር የሚጻፈው ከሚገለበጥበት 75 በመቶው ነው፣ በአውትሪገር (ወደ ጎን በሚዘረጋ የድጋፍ እግር) ለሚቆም ክሬን 85። ስለዚህ 1 ኪሎዬ 750 ግራም ነው፣ 650ው ደሞ 490 ገደማ። ይሄን ስራዬ ላይ እያለሁ በቃል አውቀው ነበር፣ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ረሳሁት።

18ኛ ሆኖ የመጣው ኦፕሬተሩ ነው፣ ድምጹ ተለውጧል። ለ4ኛው ሰው ይቅርታ ጠየቀ፣ የጣሳው አሸዋ የልጅ ጨዋታ አለመሆኑን አመነ። ከዛ ለኔ ስራ ሰጠኝ፣ ጨዉን ዝም ብዬ ወደኋላ እንዳላርቀው፣ ጭነት ሳይኖር ወደኋላ ስለሚጥለኝ። ኤልአር 13000 ላይ እንዳለው ዴሪክ ስራ፣ ከቡሙ ኋላ ሁለተኛ ምሰሶ አቁምና ተጨማሪውን ክብደት ከጫፉ አንጠልጥለው፣ ግን ባዶ ሲሆን መሬት ላይ ይረፍ አለኝ። እውነተኛው ላይ ያ ክብደት የሚነሳው ጭነቱ ሲስበው ነው፣ ሲቀመጥ እሱም ይቀመጣል። ኤልአር 13000ን በክፍሉ ልዩ የሚያደርገው ደሞ ያለዚህ ክብደትም መስራት መቻሉ ነው፣ ምክንያቱም ሊብሄር ራሱ የሚያመርተው መዞሪያ ቀለበት ያንን ጫና ስለሚችል፣ የሌጎው መዞሪያ ግን የሚወዛወዘው እዛው ላይ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እንዳጠነክር መከረኝ። ስለ ነፋሱም አልተወኝም፣ ጠርሙሱን ትቼ ሰፊ ካርቶን አንጠልጥዬ ቬንትሌተር እንዳበራበት አዘዘኝ።

19ኛው አሁን የምጽፈው ነው። ዴሪኩን ትናንት ማታ ጨረስነው። ግማሽ ኪሎ ጨው ከመሃሉ 35 ሴንቲሜትር ኋላ ላይ አንጠለጠልን፣ ባዶ ሲሆን ጠረጴዛው ላይ አርፏል። መጀመሪያ 1 ኪሎ ላይ የሚደፋበት 40 ሴንቲሜትር ላይ 1 ኪሎ ከ400 ሰቀልንበት። ልጄ እንደ ሪገር እጇን አንስታ ምልክት ሰጠችኝ፣ ዊንቹን ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ ክሩ ተወጠረ፣ ቡሙ ትንሽ ጎበጠ፣ ከዛ ኋላ ያለው ጨው ከጠረጴዛው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተንሳፈፈ። ቻርቱን ልጄ በእጇ ጽፋ ካቢኑ ላይ ለጥፋዋለች፣ 75 በመቶውን ነው የጻፈችው፣ የ20 ሴንቲሜትሯ ቦታ ግን ፒኑን እስክንቀይር ባዶ ናት። ካርቶኑና ቬንትሌተሩ ቅዳሜ ነው።